የቴስቶስትሮን መርፌ ለሥር የሰደደ ድካም፦ ከድሬዳዋ የአንድ ዓመት ሒሳብ

ድካሜን ያራግፍልኛል ብዬ የቴስቶስትሮንን፣ ማለትም የወንዶችን ሆርሞን መርፌ መውሰድ ከጀመርኩ እነሆ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ፍርዴን ከወዲሁ ይወቀው፤ መድኃኒቱ ሠርቶልኛል፣ ነገር ግን በዋናነት የሠራልኝ እኔ በጠበቅኩት ጉዳይ ላይ አይደለም።

ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከጅቡቲ የሚገባ ዕቃ በሚያጓጉዝ አንድ ድርጅት የገቢና የወጪ መዝገብ ይዤ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ከዚህ ልማድ የተነሳ ሕክምናውንም በመዝገብ ነው የተከታተልኩት፤ ማታ ከመተኛቴ በፊት የዕለቱን ጉልበቴን ከአሥር ስንት እንደምሰጠው በአንዲት ትንሽ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የራሴ ቁጥሮች ከዚያች ደብተርና ከላቦራቶሪ ወረቀቶቼ የተገለበጡ ናቸው።

ድካሙ የጀመረኝ በአርባ አምስት ዓመቴ ገደማ ነው። ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ ጆንያ ስሸከም ያደርኩ ይመስል ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ከወንበሬ ተነስቶ ፋይል ማምጣት የዳገት መንገድ ይሆንብኛል። ያማከርኳቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «በድሬ ሙቀት ማን የማይደክም አለ?» በግንቦት ወር ይህን ማመን ቀላል ነው። ድካሙ ግን ጥርና የካቲትም ሳይለቀኝ ቀረ። እንደ ብዙዎቻችን እኔም አስቀድሜ ወደ ክሊኒክ ሄጄ ግሉኮስ አስደርጌያለሁ፣ የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ በተከታታይ ተወግቻለሁ። ግሉኮሱ ያስገኘልኝ ነገር ቢኖር አልጋ ላይ ጋደም ብሎ አንድ ሰዓት ማሳለፍን ነው፤ ለእሱም ቢሆን የከፈልኩበት ዋጋ በዝቷል።

ቴስቶስትሮን የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳልኝ እዚሁ ከተማ ያለ አንድ ክሊኒክ ነው፤ ስሙን አልጠቅስም። ጉዳዬን ለአምስት ደቂቃ ያህል ካስረዳሁ በኋላ ደም ተወሰደ፤ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር፣ ምሳ በልቼ፣ ከዚያም የጫት በርጫ ላይ ተቀምጬ ተነስቼ ነው የሄድኩት። ውጤቱ 231 ናኖግራም በዴሲ ሊትር ሆነ። ወረቀቱን ያየው ባለሙያ «ጉልበትህ ያለቀው ለዚህ ነው፣ ዛሬውኑ ብንጀምርልህ ይሻላል» አለኝ። ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም ለዓመታት የተሸከመ ሰው እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መልስ ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚደሰት የደረሰበት ያውቀዋል። እጄን ልዘረጋ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ያዳነኝ በዚያን ቀን መርፌው እጃቸው ላይ አለመገኘቱ ብቻ ነው።

ያ ቀጠሮ ስህተት የሆነበትን ምክንያት የተረዳሁት በኋላ ነው። ቴስቶስትሮን በደም ውስጥ ቀኑን ሙሉ በአንድ መጠን የሚቆይ ሆርሞን አይደለም፤ ጠዋት ከፍ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፣ ምግብም ይቀንሰዋል። ስለዚህም በዘርፉ ያሉት የሕክምና መመሪያዎች ደሙ በጠዋት፣ በባዶ ሆድ እንዲወሰድ፣ ዝቅ ብሎ ከተገኘም በሌላ ቀን ጠዋት እንዲደገም ያዛሉ። በቁጥር ረገድ የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር ከ300 ናኖግራም በታች የሆነውን ዝቅተኛ ብሎ ይወስደዋል፤ ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን በሽታ አይባልም፣ ምልክቶቹ አብረውት መገኘት አለባቸው። ከሰዓት በኋላ በጠገበ ሆድ የተወሰደ አንድ ናሙና ይዞ የዕድሜ ልክ ሊሆን የሚችል ሕክምና መጀመር፣ በሙያዬ ቋንቋ፣ በአንድ ደረሰኝ ብቻ የዓመቱን ሒሳብ እንደ መዝጋት ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሐረር ወደሚገኝ የውስጥ ደዌ ሐኪም መራኝ። ከድሬዳዋ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደሙን በባዶ ሆድ፣ በጠዋት ለመስጠት ግን ገና ጎህ ሲቀድ በአባዱላ ተሳፍሮ የደንገጎን ዳገት መውጣት ያስፈልጋል፤ ቁርስ ያልበላ ሰው በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ምን እንደሚሰማው ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻለኝም። በሁለት የተለያዩ ሳምንታት ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። የመጀመሪያው ጠዋት ውጤት 268፣ የሁለተኛው 254 ሆነ። ያ ክሊኒክ በቁጥሩ ብዙም አልራቀም ማለት ነው፤ ይሁንና በአጋጣሚ ትክክል መሆን ከትክክለኛ አሠራር ጋር አንድ አይደለም። እዚህ ላይ ለሌሎች የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር፦ አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ውጤቱን በናኖግራም ሳይሆን በናኖሞል ይጽፉታል። ወረቀቱ ላይ 8.9 አይቶ ሞትኩ ያለ ወዳጅ አለኝ፤ ቁጥሩ በ28.8 ሲባዛ ወደ 256 ይመጣል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው ለዚህ ሐኪም ከፍተኛ ነጥብ የሚያሰጠው። መርፌውን ከማዘዙ በፊት ድካምን ሊያመጡ የሚችሉትን ሁሉ አንድ በአንድ አስመረመረኝ፦ የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የታይሮይድ፣ የጉበትና የኩላሊት። ሁሉም ደህና ሆኑ። ቀጥሎ ኤልኤች የሚባለውን ሆርሞን አየ። የዘር ፍሬ ቴስቶስትሮን የሚያመርተው አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ይህ ኤልኤች ሲላክለት ነው። ፍሬው ራሱ ተጎድቶ ከሆነ ዕጢዋ ትዕዛዙን ደጋግማ ስለምትልክ ኤልኤች ከፍ ይላል፤ ቴስቶስትሮኑ ዝቅ ብሎ ኤልኤችም ካልጨመረ ግን ችግሩ ያለው ከላይ፣ ከአዛዡ ዘንድ ነው። የእኔ ሁለተኛው ዓይነት ሆነ። ስለዚህም ከዚያችው ዕጢ የሚወጣውና ሲበዛ ይህን ትዕዛዝ የሚያፍነው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ተለካ፣ እሱም ጤነኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ፣ በዕድሜው ታናሽ ወንድሜ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፣ የአንገቴን ዙሪያ በሜትር ለክቶ «ጋሼ፣ ሌሊት ያንኮራፋሉ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ እንደማላንኮራፋ በሙሉ ልብ መለስኩ። «እስኪ ባለቤትዎን እንጠይቃቸው» አለና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አስደረገኝ። ባለቤቴ የድሬ ልጅ ናት፤ ሐኪምም ሆነ ሹም «አንተ» ነው የምትለው። «አቦ፣ ማንኮራፋቱንስ ለምጄዋለሁ፤ ትንፋሹ ቀጥ ሲል በክርኔ እየጎሸምኩ የምቀሰቅሰው እኔ አይደለሁ እንዴ! አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ መድኃኒት አለህ?» አለችው። በክፍሉ የነበረችው ነርስ ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ እየተቆራረጠ የሚያድር ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢተኛም ያላረፈ ሆኖ እንደሚነሳ፣ ይህ ራሱ ቴስቶስትሮንን ሊያወርድ እንደሚችል፣ ከባድ ሆኖ ሳይታከም መርፌው ቢጀመር ደግሞ የትንፋሹ ችግር ሊብስ እንደሚችል አስረዳኝ። ቀጥሎ ስለ ጫት ጠየቀኝ። በሳምንት አራት ቀን እቅማለሁ፤ ከበርጫው የምነሳው ሲመሽ ነው፣ ምርቃናው ለቆኝ እንቅልፍ የሚወስደኝ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ የምነሳው አሥራ ሁለት ሰዓት። አምስት ሰዓት እንቅልፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ላይ ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለአንድ ሳምንት ያህል በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ መውረዱን ነገረኝ። እነሱ የአንድ ሳምንት ነው፣ የእኔ ግን የስንት ዓመት!

የታዘዘልኝ ሦስት ወር ነበር፦ ጫቱን መተው፣ ካልተቻለም ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ከመሆኑ በፊት ማቆም፣ ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛት። እውነቱን ለመናገር ተቆጣሁ። መርፌ ፍለጋ ደንገጎን ሦስት ጊዜ ወጥቼ ምክር ይዤ መመለሴ አበሳጨኝ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናትም የከፉ ነበሩ፤ ቅጠል ያቆመ ሰው ዱካክ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ሌሊት እያስጮኸ ይቀሰቅሳል፣ ቀን ያፈዛል። በደብተሬ ላይ የእነዚያ ቀናት ነጥብ ሁለትና ሁለት ተኩል ነው። ከአንድ ወር በኋላ ግን ቁጥሮቹ መውጣት ጀመሩ፤ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ስድስት ኪሎ ቀንሼ ነበር፣ ባለቤቴም የምትጎሽመኝ አልፎ አልፎ ብቻ ሆነ። ከሕክምናው በፊት አማካይ ነጥቤ 3 ነበር፤ በዚያን ጊዜ 5 ደረሰ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ አንዲት ጠብታ መድኃኒት ሰውነቴ ውስጥ አልገባችም ነበር።

ሦስተኛው የጠዋት ምርመራ 279 አሳየ። ከፍ ብሏል፣ ግን አሁንም ከመስመሩ በታች ነው። ድካሙ ቢሻለኝም የወሲብ ፍላጎቴ ጠፍቶ እንደነበር፣ ይህም እፍረት ይዞኝ እስከዚያ ቀን ያልተናገርኩት ነገር መሆኑን ገለጥኩ። ሐኪሙ በዚህ ምልክት ላይ ተመርኩዞ፣ ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ጨምሮ የፕሮስቴት ምርመራ ካስደረገና ተጨማሪ ልጅ እንደማልፈልግ ካረጋገጠ በኋላ፣ ሕክምናውን ጀመረልኝ። ድካሙን በተመለከተ የሰጠኝ ተስፋ ግን በጣም ቁጥብ ነበር፤ «ብዙ አይጠብቁ» ነው ያለኝ።

አሁን ወደ ዕቃው ልመለስ። የምወስደው ቴስቶስትሮን ኤናንቴት የሚባለው፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 250 ሚሊ ግራም የያዘው ዓይነት ነው። ሆርሞኑ በዘይት ተሟሙቶ ስለሚቀርብ ከጡንቻ ውስጥ ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ ዘይቱ እንደ አምራቹ የሰሊጥ ወይም የጉሎ ሊሆን ይችላል፣ ሰስታኖን በተባለው አቻው ደግሞ የለውዝ ነው፣ ስለዚህ ለውዝ የማይስማማው ሰው አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል። ዘይት በመሆኑ መርፌው መወጋቱ ቶሎ አያልቅም፤ ነርሷ ቸኩላ በገፋችው ቀን መቀመጫዬ ሁለት ቀን አንክሶኛል፣ ቀስ ብላ በሰጠችኝ ቀን ግን ምንም አልተሰማኝም።

መጀመሪያ የታዘዘልኝ ሙሉ ብልቃጡን በየሦስት ሳምንቱ ነበር፤ ትልቁ ጉድለት የታየኝም በዚህ ጊዜ ነው። ደብተሬን ገልጬ ሳየው ነጥቦቹ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጡና ይወርዳሉ። በመጀመሪያው ሳምንት 7፣ በሁለተኛው 6፣ በሦስተኛው 4፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ያለ ምክንያት መቆጣት ይጨመርበታል፣ ለዚህም ምስክሮቹ የቢሮዬ ሰዎች ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከተወጉት በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት የደሙ መጠን ከመደበኛው በላይ ይወጣል፣ ወደ መጨረሻው ወደ ነበረበት ይወርዳል። ሐኪሙ ደብተሩን አይቶ 150 ሚሊ ግራም በየሁለት ሳምንቱ እንዲሆን ቀየረው። ውጣ ውረዱ በጣም ለዘበ። ችግሩ ብልቃጡ አንዴ ከተሰበረ ቀሪው ተቀምጦ የማይቆይ መሆኑ ነው፤ ከአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.6 ይወጋል፣ 0.4 ይጣላል። በየሁለት ሳምንቱ ከገዛሁት ዕቃ አርባ በመቶው ዓይኔ እያየ ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ የሒሳብ ሠራተኛ ልቤ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። በአንድ ጊዜ 1000 ሚሊ ግራም የሚሰጥና ከ10 እስከ 14 ሳምንት የሚቆይ ሌላ ዓይነት መርፌ አለ፣ በቆዳ ላይ የሚቀባ ጄልም አለ፤ እኔ በደረስኩባቸው መድኃኒት ቤቶች ሁለቱንም አላገኘሁም።

ስለ መድኃኒት ቤት ከተነሳ፣ ከዚራ አካባቢ ማዘዣዬን ያሳየሁት ወጣት ፋርማሲስት ከእግር እስከ ራሴ ተመልክቶኝ «አቦ፣ ይሄን እኮ የጂም ልጆች ናቸው የሚፈልጉት፣ አንተ ደግሞ ምን ልትሆን ነው?» ብሎኛል። በድሬ ወግ ስለሆነ አልከፋኝም። ዋጋውን ግን ከቦታ ቦታ በጣም ተለያይቶ አግኝቼዋለሁ፤ የአንድ ዓመት ወጪዬን ስደምረው ደግሞ ከመድኃኒቱ ይልቅ የከበደኝ የላቦራቶሪውና የመመላለሻው ነው። ማስቀመጫውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የብልቃጡ መያዣ ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ፣ ፍሪጅ ውስጥም እንዳይገባ ተጽፏል፤ ሳቢያን ያለው ቤቴ በግንቦት ይህን የሚያሟላ ጥግ የለውም። ስለዚህ መድኃኒቴ የሚቀመጠው ሐረር፣ ጁገል ውስጥ ባለው የእህቴ ቤት ነው፤ የግንቡ ወፍራም ግድግዳ ከየትኛውም መደርደሪያ ይሻላል፣ በዚያውም ቡናዋን ሳልጠጣ አልመለስም።

ውጤቱስ? የወሲብ ፍላጎት ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ተመልሷል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ መድኃኒቱ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። ስሜቴም ቀለል ብሏል፣ ሳቅ የሚቀናኝ ሰው ሆኛለሁ። የጉልበት ነጥቤ ግን ከ5 ወደ 6 ነው ያደገው። በድምሩ ሲታይ ከ3 ወደ 6 መድረሴን አይቶ «መርፌው እጥፍ አደረገህ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ መዝገቡን በትክክል ለሚያነብ ግን ከሦስቱ ነጥቦች ሁለቱ የእንቅልፍ ናቸው፣ የመርፌው አንዱ ነው። የእንቅልፍን ገቢ በመርፌው ስም መመዝገብ አልችልም። በዚያ በመጀመሪያው ክሊኒክ መርፌው ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ግን ያለ ጥርጥር እንደዚያ እመዘግብ ነበር።

የእኔ ደብተር ከትላልቆቹ ጥናቶች ጋር አለመጣላቱ ደስ አሰኝቶኛል። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ቴስቶስትሮናቸው ከ275 በታች የወረደ 790 ወንዶች ግማሾቹ ጄሉን፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበትን ማስመሰያ ለአንድ ዓመት ተጠቅመው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው በወሲብ ረገድ መጠነኛ፣ ግን ግልጽ መሻሻል ታየ፣ ስሜትም ትንሽ ተሻሻለ፤ በድካም ረገድ ግን በዋናው መለኪያ ከማስመሰያው የሚለይ ውጤት አልተገኘም። የሐኪሙ «ብዙ አይጠብቁ» ከየት እንደመጣ የገባኝ ይህን ሲያብራራልኝ ነው።

ከዚህ መድኃኒት ጋር የሚመጣውን ዕዳ በተመለከተ በጣም ያሳሰበኝ የደም መወፈር ነው። ቴስቶስትሮን ሰውነት ቀይ የደም ሕዋስ አብዝቶ እንዲያመርት ያደርጋል፤ መለኪያው ሄማቶክሪት ይባላል፣ ከ54 በመቶ ካለፈ ሕክምናው እንዲቆም መመሪያው ያዛል። እኔ ስጀምር 46 ነበርኩ፣ በሦስተኛው ወር 50፣ በስድስተኛው 52፣ ባለፈው ወር 53። ልብን በተመለከተ፣ የልብ ሕመም ያለባቸውን ወይም የሚያሰጋቸውን ከ5,200 በላይ ወንዶች ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ጥናት በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና በስትሮክ ረገድ ከማስመሰያው የባሰ ነገር አላገኘም፤ ነገር ግን የልብ ምት መዛባት፣ ወደ ሳንባ የሚሄድ የደም መርጋትና የኩላሊት ጉዳት መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በዝተው ታይተዋል። ብጉር ጀርባዬ ላይ ወጥቶብኝ ነበር፣ አልፏል።

ገና ልጅ ሳይወልዱ ወይም ሌላ ልጅ እያሰቡ ወደዚህ መርፌ ለሚጣደፉ ወጣቶች ግን ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። ከውጭ የሚገባው ሆርሞን ፒቱታሪዋን «በቂ አለ» ብሎ ያታልላታል፤ እሷም ትዕዛዟን ታቆማለች፣ የዘር ፍሬውም የወንድ ዘር ማምረቱን ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ኤናንቴት በሳምንት 200 ሚሊ ግራም እየሰጠ ለወንዶች እንደ ወሊድ መከላከያ ፈትኖታል፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ገና አዲስ ሙሽራ የሆነ የእህቴ ልጅ ብልቃጦቼን መደርደሪያው ላይ አይቶ «አጎቴ፣ አንዷን ለኔም» ሲለኝ ይህን ነገርኩት፤ እናቱ ሰምታ ኖሮ በማግስቱ መደርደሪያው ቁልፍ ገባለት።

ለማን ይሆናል ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ በሁለት ጠዋት ተለክቶ በእርግጥ ዝቅ ላለ፣ የወሲብ ምልክቶችም ላሉበት፣ በየሦስትና በየስድስት ወሩ ደሙን ለማስመርመር አቅምና ትዕግሥት ላለው ሰው ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ድካም ብቻ ላለበትና እንቅልፉን፣ ደሙን፣ ስኳሩን ላላስመረመረ ሰው ከአምስት አንድ። ለሐረሩ ሐኪም አምስት ከአምስት፣ ምንም እንኳ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስጠበቀኝ ቀን ቢኖርም።

በሄማቶክሪቱ ምክንያት መጠኑ ካለፈው ወር ጀምሮ ወደ 125 ሚሊ ግራም ዝቅ ብሏል፤ አሁን የሚጣለው ግማሽ ብልቃጥ ነው። የሚቀጥለው ምርመራ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ 54 ካለፈ መርፌው ይቆማል፣ የራሴ ምርት እስኪመለስም ወራት ሊፈጅ እንደሚችል ከወዲሁ ተነግሮኛል። ትናንት ማታ የሰጠሁት ነጥብ 6 ነው፣ የተኛሁት አራት ሰዓት ላይ።